የቤት ግድግዳ ላይ ምን ይሰቀል? ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት የቀየረ፣ ቀለም ያስቀባ፣ ልጅ ሊድር ቤቱን የሚያሰናዳ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆሞ ያስባል። በሥዕልና በፍሬም ሥራ ላይ ስላለሁ ጥያቄው ወደ እኔ ደጋግሞ ይመጣል። የድሬ ቤትና የሐረር ቤት የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ለአዲስ አበባ ሳሎን የተሰጠ ምክር እዚህ ሁልጊዜ አይሠራም። መልሶቹን በእኛው ሙቀት፣ በእኛው መጅሊስ (ወለል ላይ በሚነጠፈው የፍራሽ መቀመጫ) እና በእኛው ግድግዳ ልክ ጻፍኳቸው።

ከየት ልጀምር?

ከመቀመጫችሁ። ብዙ ሰው በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያይና እዚያው ቆሞ ይወስናል። ሥዕሉን ለዓመታት የሚያየው ግን ተቀምጦ ነው። ሻያችሁን ይዛችሁ ሁልጊዜ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፍበት ግድግዳ ዋናው ግድግዳችሁ ነው። ቀጥሎ የእንግዳ ቦታ ላይ ተቀመጡና እንደገና እዩት። አንዴ በቀን፣ አንዴ ደግሞ ማታ መብራት በርቶ። ቀን ያማረ ግድግዳ ማታ ጥላ ሊውጠው ይችላል።

ቴሌቪዥን ያለበትን ግድግዳ ባዶውን ተዉት። ቲቪው ሲበራ ከጎኑ ያለውን ነገር የሚያይ የለም። ሲጠፋ ደግሞ ጥቁሩ ስክሪን ሥዕሉን ይጫነዋል።

ምርጫው ላይ እኔ አንድ መመዘኛ አለኝ። እንግዳ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢላችሁ የምትነግሩት ነገር አለ? «አያቴ የሰፋችው ነው»፣ «አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ የተነሳው ነው»፣ «የሰፈራችን ልጅ ነው የሳለው» ካላችሁ ስቀሉት። መልሱ «ከሶፋው ጋር ስለሄደ» ብቻ ከሆነ ትንሽ ቆዩ፤ ገንዘቡ የትም አይሄድም።

መጠኑስ ምን ያህል ይሁን?

ከምታስቡት ከፍ ያለ። ደጋግሜ የማየው ችግር ሰፊ ግድግዳ መሐል ብቻውን የቀረ ትንሽ ፍሬም ነው። ከሶፋ በላይ የሚሰቀል ነገር የሶፋውን ወርድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢይዝ ያምራል። ሶፋው 210 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሥዕሉ 140 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ትልቅ ሥዕል ከሌላችሁ ሁለት ሦስት መካከለኞችን አቀራርቡና እንደ አንድ ቁጠሯቸው። በመሐላቸው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን ወይም ጋዜጣ በልኩ ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ከበዛ ወይም ካነሰ ዓይናችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

በምን ያህል ከፍታ ልስቀል? እኛ ቤት መጅሊስ ነው ያለው።

በሥዕል ማሳያ ቤቶች የተለመደው የሥዕሉን መሐል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ማድረግ ነው። ይህ የቆመ ሰው ዓይን ልክ ስለሆነ ለኮሪደርና ለመግቢያ ጥሩ ነው። ለመጅሊስ ግን ከፍ ይላል። ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ያለው ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

ስለዚህ ግድግዳውን ለዩት። ሰው የማይደገፍበት ከሆነ የሥዕሉን መሐል ወደ 110 ወይም 120 ሳንቲ ሜትር አውርዱት። ሰው የሚደገፍበት ከሆነ የታችኛው ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ይሁን፤ 110 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ግድግዳ ከቁመታም ሥዕል ይልቅ ወደ ጎን የረዘመው ይሻላል።

በርጫ የሚያዝበት፣ ማለትም ጫት የሚቃምበት ክፍል ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ሰው ለሰዓታት ከቦታው አይነሳም። ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ዓይን የሚያስጨንቅ፣ የሚጮህ ቀለም ባይሆን እመርጣለሁ። ቀስ ብሎ የሚታይ፣ ብዙ ዝርዝር ያለው ነገር ያዋጣል። የዕጣን ማጨሻው ቦታም ይታሰብበት። ከማጨሻው በላይ የተሰቀለ ሸራ ጊዜውን ጠብቆ መወየቡ አይቀርም፤ እዚያ ባለ መስታወት ፍሬም ይሁን።

የሐረር ስፌት ለዘመናዊ ሳሎን ይሄዳል?

በደንብ ይሄዳል። ግድግዳን በማስጌጥ የሐረሪን ባህላዊ ቤት ያህል የሚያስተምር አላየሁም። በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ በጀጎል ውስጥ፣ ለእንግዳ ክፍት የሆኑ ቤቶች አሉ። አንዱ ጋ ግቡና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ጊዲር ጋር በሚባለው ዋና ክፍል ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ፤ ሰው እንደየደረጃው ይቀመጥባቸዋል። ወለሉና የመደቡ ጠርዝ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ከላይ ያለው ግድግዳ ነጭ ነው። በነጩ ላይ ስፌቱ፣ የእንጨት ገበታውና ሳህኑ ይደረደራል። ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈሉት መደርደሪያዎች ደግሞ መጽሐፉና ዕቃው ይቀመጣል።

አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ስፌቶቹ እንደመጣ አልተበተኑም፤ በመጠን በመጠናቸው ተሰልፈዋል። አንዱ ላይ ያለው ቀይ ሌላው ላይም አለ። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ጌጥ የለበትም። ዓይን የማይደክመው ለዚህ ነው።

ይህን ወደ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ማምጣት ቀላል ነው። ሦስት ወይም አምስት ስፌት ምረጡ። ቢያንስ አንድ ቀለም ሁሉም ላይ ይኑር። ትልቁን መሐል አድርጋችሁ መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ ደርድሩ፤ ከላይ ሆናችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና ፎቶውን እዩት። መስመሩ ካማረ ያኔ ሚስማር አንሱ። አበባ የበዛበት የግድግዳ ወረቀት ላይ ግን ስፌት አትስቀሉ፤ አይታይም። ነጭ፣ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ የአሸዋ ቀለም ነው የሚስማማው።

ሲሰቀል ሚስማሩ ስፌቱን መብሳት የለበትም። ብዙዎቹ ከጀርባ ማንጠልጠያ አላቸው። ከሌለው ጠንካራ ክር በወፍራም መርፌ በሁለት ዙር መሐል አሳልፉና ቋጥሩ።

ጥሩ ስፌት በምን አውቃለሁ?

ገልብጡት። ጎበዝ ሰፊ የሠራችው ጀርባውም እንደ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ የተንጠለጠለ የክር ጫፍ አይበዛበትም። ወደ ብርሃን አንሱት። በዙሮቹ መሐል ብርሃን ከሾለከ ስፌቱ ላልቷል። ጫፉን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ የጠበቀ ስፌት እጅ አይሰጥም። ነጭ ጨርቅ በትንሹ አርሳችሁ ቀለሙ ላይ አሹት፤ ከለቀቀ ቤት ሲደርስም ይለቃል።

በተነከረ ሣር፣ በአለላ፣ የተሠራና በፋብሪካ ክር የተሠራ ስፌት ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ። ክሩ ይደምቃል፣ ሣሩ ግን ጥልቀት አለው። እኔ ሣሩን እመርጣለሁ።

ዋጋ ላይ አንድ ልመና አለኝ። ትልቅና ደቃቅ ስፌት በወስፌ ተወግቶ፣ ዙር በዙር ነው የሚያድገው። ወራት ይወስዳል። ለውጭ አገር የታተመ ሸራ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው እዚህ ሲደርስ ግማሽ ዋጋ ሲጠራ ያሳዝነኛል። የሰፋችውን ሴት ካገኛችኋት የንድፉን ስምና ታሪክ ጠይቋት። እሱም ከዕቃው ጋር አብሮ ቤት ይገባል።

የድሬ ፀሐይ ሥዕል አያበላሽም?

ያበላሻል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። ሙቀቱ ቢለያይም ብርሃኑ ሁለቱም ጋ ኃይለኛ ነው። ሥዕልን በዋናነት የሚጎዳውም ብርሃን ነው። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ መስኮት የምትገባው ፀሐይ የምታርፍበትን ግድግዳ አንድ ቀን በዘጠኝና በአሥር ሰዓት ተከታተሉ። በበጋ ደግሞ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ስለምትል በደቡብ መስኮት ረዘም ብላ ትገባለች። የፀሐዩ መንገድ ላይ የሆነው ቦታ ለስፌት፣ ለፎቶና ለውሃ ቀለም አይሆንም። በርካሽ ቀለም የታተመ ፎቶ ቀዩና ቢጫው ቶሎ ይሄድና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። ለዚያ ቦታ የሸክላ፣ የእንጨት ወይም የብረት ሥራ ምረጡ።

ፎቶ ደግሞ መስታወቱን መንካት የለበትም። በሙቀትና በወበቅ ይጣበቅና ሲላቀቅ ምስሉ አብሮ ይላጣል። ፍሬም ሠሪውን በፎቶውና በመስታወቱ መሐል የካርቶን ጠርዝ እንዲያደርግላችሁ ንገሩት።

ሐረር ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይይዛል። ከፍሬሙ ጀርባ፣ በአራቱ ማዕዘን፣ ትናንሽ የጎማ ወይም የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ። ያቺ ትንሽ ክፍተት አየር ታስገባለች፤ ሻጋታም አይዝም።

ሚስማሩ አልገባ እያለ ልስኑን ይፈረካክሳል። ምን ላድርግ?

የብሎኬት ግድግዳ በቀጭን ሚስማር አይሞከርም። በድሪል ብሱ፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) አስገቡ፣ ብሎን አጥብቁ። ሲበሳ ልስኑ እንዳይረግፍ ቦታው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በላዩ ብሱት። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመር አትብሱ፤ ገመድ ሊኖር ይችላል። ከባድ ነገር በሁለት ብሎን ይሰቀል። አንድ ላይ የተንጠለጠለ በር በተዘጋ ቁጥር ይዘማል። ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ እዩ።

የጭቃ ቤት ከሆነ ሚስማሩን ጭቃው ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ምቱት። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፤ ድምፁ ሲጠብቅ እንጨቱን አገኛችሁ ማለት ነው። ጀጎል ውስጥ ያለ የቆየ የድንጋይ ቤት ላይ ግን ድሪል አታንሱ። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እያንዳንዱ ቤት የዚያ አካል ነው። ከድሮ የነበረውን ሚስማር ተጠቀሙ፣ ወይም ዕቃውን መደርደሪያው ውስጥ አስቀምጡ።

ቤቱ የኪራይ ነው። አከራዬ ሚስማር አይፈቅዱም።

ትልቁን ሥዕል ኮመዲኖ ወይም ቡፌ ላይ ግድግዳ አስደግፋችሁ አቁሙት። ደስ ይላል፤ ለመቀየርም ይመቻል። ከታች እንዳይንሸራተት የጎማ ቁራጭ አድርጉለት። በሁለት በኩል የሚይዘውን ፕላስተር ግን ለቀላል ወረቀት ካልሆነ አታምኑት። በድሬ ሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ሌሊት ላይ ይወድቃል። ሲነሳም ቀለሙን ይዞ ይነሳል፤ አከራይ የሚቆጡት ያኔ ነው።

ሃይማኖታዊ ሥዕልና ጽሑፍ የት ይሁን?

የጸሎት ሥዕልና የሳሎን ጌጥ አንድ አይደሉም። ኦርቶዶክስ ቤት ሥዕለ አድኅኖ በምሥራቅ በኩል፣ ሰው በሚጸልይበት አቅጣጫ፣ ንጹሕ መጋረጃ ተደርጎለት ይቀመጣል። ከቲቪ በላይ ወይም በሠርግ ፎቶዎች መሐል ማድረግ አይመከርም። ለብቻው ጸጥ ያለ ጥግ ስጡት።

ሙስሊም ቤት ብዙዎች ሕይወት ያለው ነገር ምስል አይሰቅሉም። ይህ ምርጫውን አያጠበውም። የቁርኣን ጽሑፍ፣ የመልክዓ ምድር ሥዕል፣ የጂኦሜትሪ ንድፍና ስፌት ግድግዳ ይሞላሉ። ከእኛ አካባቢ ቂብላው፣ ለሶላት የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ሶላት የሚሰገድበት ክፍል ሰሜናዊው ግድግዳ ባዶ ቢሆን ወይም ሐሳብ የማይበትን ነገር ቢኖረው ይሻላል። የቁርኣን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ማተሚያ ቤት ስታሳትሙ ደግሞ ከመታተሙ በፊት ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ይየው። አንዳንድ ኮምፒውተር ፊደሎቹን ለያይቶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጦ ያወጣቸዋል፤ የተከበረ ቃል ተሳስቶ ቤት ውስጥ መሰቀል የለበትም።

የራሳችንን ከተማ መስቀል እፈልጋለሁ። ምን ላሳትም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የለገሃር ጣቢያና ሐዲዱ ግድግዳ ላይ ያምራሉ። የከዚራ መንገዶች በዛፍ ጥላ ሥር፣ የከፊራ ገበያ ቅስቶች በጠዋት ብርሃን፣ ሁለቱም ከማንም የውጭ ፖስተር አይተናነሱም። ሐረር ላይ የጀጎል በሮች፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀቡት ጠባብ መንገዶች፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹ ጨርቅ አሉ። ከድሬ ወጣ ብሎ ለገ ኦዳ ድንጋይ ላይ የጥንት ሰዎች የሳሏቸው ከብቶች አሉ። እነሱን ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ መንካት፣ ውሃ መርጨት ወይም በጠመኔ ማድመቅ ግን ሥዕሉን ያጠፋል።

ፎቶውን ራሳችሁ በስልክ አንሱ። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከአሥር ተኩል በኋላ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ሰው የሚታይ ከሆነ አስፈቅዱ። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሳው ፎቶ 50 በ38 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ ይታተማል። ወደ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ሲታተም ይደበዝዛል።

ከሶፋውና ከመጋረጃው ቀለም ጋር መግጠም አለበት?

አይገደድም። ሥዕሉ ውስጥ ካሉት ቀለሞች አንዷ እንኳ ትራስ ወይም ምንጣፍ ላይ ካለች ይበቃል።

ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የምገዛው ባለ አምስት ቁራጭ የታተመ ሸራስ?

ከወደዳችሁት ግዙ። ግን ከጀርባ እዩት፤ እንጨቱ ከተጣመመ ወይም ሸራው ከላላ ሙቀቱ ይብሰዋል። በዚያው ገንዘብ ሁለት ፎቶ አሳትማችሁ ፍሬም ልታሠሩ እንደምትችሉ ግን አስቡ።

የአያቶቼ የድሮ ፎቶ አለ። ልስቀለው?

ቅጂውን ስቀሉ። ዋናውን ፎቶ ስካን አስደርጉ፣ በትልቁ አሳትሙ፣ ዋናውን ግን ከብርሃን ርቆ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት። የላስቲክ ፖስታ አይሁን፤ ይጣበቅበታል። የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ጠይቁና ከፍሬሙ ጀርባ በእርሳስ ጻፉ። ድሬ ውስጥ የባቡር ሠራተኛ አያት ያለው ሰው ብዙ ነው። የነዚያ ሰዎች ፎቶ ሳጥን ውስጥ ሲበላሽ ማየት ያንገበግባል።

አሮጌ ብራና ወይም የድሮ የቁርኣን ጽሑፍ ገዝቼ ብሰቅልስ?

እባካችሁ ተዉት። ከመጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ የሚሸጥ ካለ መጽሐፉ ፈርሷል ማለት ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ሐረር ላይ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም አለ፤ ጽሑፎቹ እዚያ ተጠብቀው ይታያሉ። ለግድግዳችሁ ዛሬ ያለ ጸሐፊ አዲስ ብራና ላይ ቢጽፍላችሁ ወይም ቢስልላችሁ ባለሙያውም ይኖርበታል።

የአካባቢ ሰዓሊ ላዝዝ ብል ምን ብዬ ልዋዋል?

መጠኑን በሳንቲ ሜትር፣ የሚደርስበትን ቀን፣ ቀብዱን፣ ፍሬም ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ተነጋገሩና በወረቀት አስፍሩ። የሚሰቀልበትን ግድግዳ ፎቶ ላኩለት። ንድፉን በእርሳስ ሲጨርስ አንዴ እዩ፤ አስተያየት ካላችሁ የሚነገረው ያኔ ነው። ቀለም ከገባ በኋላ በየቀኑ እየደወሉ «ሰማዩን ጨለም አድርገው» ማለት ሥራውን ያበላሻል። ሥራውን ወዳችሁ ከመረጣችሁት እመኑት።

እንዴት ላጽዳው?

የድሬ ውሃ ጨው ይበዛዋል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠረገ መስታወት ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይይዛል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ እድፍ ካለው በተጣራ ውሃ አርሱና ወዲያው አድርቁ። ውሃው ጨርቁ ላይ ይሁን እንጂ መስታወቱ ላይ አይረጭ፤ በጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። ሸራ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች ይራገፋል። ስፌትም እንደዚሁ፤ ብሩሹ የዙሩን አቅጣጫ ተከትሎ ይሂድ። አውርዳችሁ ጀርባውንም እዩ። ሸረሪትና ብል የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ብል ካያችሁ ስፌቱን በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ዲፕ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ላስቲኩን ቶሎ አትፍቱ፤ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ድረስ አንድ ቀን ጠብቁ።